ሩቱን ለቤዙ ተዉለት

ሰሞኑን አንዲት ኪቦርድ የምትማር ልጅ «ጋሼ፣ ሰርቲን ኮርድ ሰባት ኖታ አለው፤ የግራ እጄ ጣቶች ግን አምስት ናቸው። የቱን ልተው?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች ናቸው፤ ሰርቲን የሚባለው እስከ አሥራ ሦስተኛዋ ድምፅ ድረስ የሚደረደረው ነው። የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰችው።

በደርግ ጊዜ ሆቴል ውስጥ እንጫወት ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ እንግዳው አንዴ ከገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ እኛም አብረን እናነጋለን። ሊነጋጋ ሲል ጨፋሪው ይደክመዋል፤ ያኔ ረጋ ያለ ነገር እንጀምራለን። አንድ ሌሊት ቤዝ የሚጫወተው ታላቃችን ወደ ኪቦርዱ መጣ። «ሩቱን (ኮርዱ የሚነሳባትንና ስሙን የሚያገኝባትን ድምፅ) ለእኔ ተውልኝ» አለና የግራ እጄን ጣቶች አንድ በአንድ አስቀመጣቸው። ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ። እሱ ከሥር ሬን ሲመታ ሬ ማይነር ናይን የሚባለው ኮርድ ሆነ። ቀጥሎ ዶን ብቻ ግማሽ ድምፅ አወረዳትና ሲ አደረጋት። ሌሎቹ ጣቶቼ ንቅንቅ አላሉም። ቤዙ ወደ ሶል ሲሄድ ያው እጅ ሶል ሰርቲን ሆኖ ቁጭ! ከዚያ ሲ ባለችበት ቀረች፤ ሦስቱ አንድ አንድ እርምጃ ወረዱ። ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ። ዶ ሜጀር ናይን።

«ቤት ና፣ የቀረውን አሳይሃለሁ» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ባንዱ ተበተነ፣ እሱም ከአገር ወጣ። የቀረው ምን እንደነበር ዛሬም ያንገበግበኛል። ይህን አያያዝ እነ አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት ቢል ኢቫንስ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) እንዳስለመዱት ያወቅሁት በኋላ ነው።

እንግዲህ ሩቱን ተዉ፤ ከሩቱ ስትቆጥሩ አምስተኛዋንም ተዉ። ሶል ሰርቲን ላይ አሥራ አንደኛዋ ዶ ከሲ ጋር ስለምትጋጭ እሷም ትቅር። ሦስተኛዋንና ሰባተኛዋን ግን እንዳትነኩ፤ የኮርዱ መልክ እነሱ ናቸው።

ናይን ኮርድ፣ ማለትም እስከ ዘጠነኛዋ የሚደርሰው ባለ አምስት ድምፁ፣ አራት ኢንቨርዥን (ከሩቱ ሌላ ድምፅ ከታች የሚሆንበት አገላበጥ) አለው፤ እሱን በቃል ታውቁታላችሁ። ባንድ ውስጥ ግን ኢንቨርዥኑን የሚወስነው ከሁሉም በታች ያለው ድምፅ ነው፣ እሱም የቤዙ ነው። እናንተ ከላይ ብትገለባብጡ የሚለወጠው ቀለሙ ነው።

ትራንስፖዝ የምትባለዋን፣ የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍና ዝቅ የምታደርገዋን ቁልፍ አልወዳትም። የዛሬ ልጆች እሷን ተጭናችሁ ሁሉን ነገር ከዶ ትጫወታላችሁ፤ እጃችሁ አገር አያይም። ጆሯችሁ ግን ከእኛ ይፈጥናል፣ እሱን አልክድም።

ለጠያቂዬ አንድ ልጨምር። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች ናቸው። ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ብለሽ በሁለት እጅ ደርድሪያቸው፤ ቤዙ ዶን ይምታልሽ። የጃዝ ሰዎች ሲክስ ናይን የሚሉት ኮርድ ነው። ቀጥሎ ቤዙ ላ ላይ ይሂድ፣ አንቺ እጅሽን አታንሺ፤ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።