መልስ፦ ሲ ፕላስ ፕላስ ሳልችል ጌም ሞድ ማድረግ እችላለሁ?

አዎ፣ ትችላለህ። ሞድ ማድረግ ማለት ጌሙን በራስህ ኮድ መቀየር ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ አንዱ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። «መጀመሪያ ሲ ፕላስ ፕላስ ተማር» ያሉህን ለጊዜው ተዋቸው።

መጀመሪያ ጌሙን ምረጥ፣ ቋንቋውን የሚወስነው እሱ ነው። ማይንክራፍት ጃቫ ኤዲሽን ከሆነ ጃቫ፣ ስታርዱ ቫሊ ከሆነ ሲ ሻርፕ ነው። ስካይሪም ፓፒረስ የሚባል የራሱ የስክሪፕት (ጌሙ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ኮድ) ቋንቋ አለው። ፋክቶሪዮ ደግሞ ሉአ ይጠቀማል። እስካሁን ካልወሰንክ እኔ ሉአን ነው የምመክርህ፤ ትንሽና ቀለል ያለ ቋንቋ ነው።

ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም)፣ ኢፍ (ቅድመ ሁኔታ)፣ ሎፕ (ድግግሞሽ) እና ፋንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) በፍጥነት ይገቡሃል። ብዙ ጀማሪ የሚደናገረው ኢቨንት፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ የሚከሰት ነገር፣ ላይ ነው። ያንተ ስክሪፕት ጌሙን አይመራም፣ ተጠርቶ ነው የሚሠራው። «ተጫዋቹ ሲሞት ይህን ፋንክሽን ጥራልኝ» ብለህ ታስመዘግባለህ፤ ጌሙ ያ ነገር ሲከሰት ይጠራዋል። ስለዚህ ኮድህ ዝም ካለ፣ ከሎጂኩ በፊት ፋንክሽኑ መጠራቱን አጣራ። የፋንክሽኑ መጀመሪያ መስመር ላይ ፕሪንት አድርግ (አንድ መልእክት አስጽፍ) እና ሎግ ፋይሉን፣ ማለትም ጌሙ መልእክቶቹን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ እይ።

ሉአ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የቫሪያብል ስም በፊደል ብትስት ወዲያው አይጮህም፣ ዝም ብሎ ኒል (ባዶ ዋጋ) ይሰጥሃል። ስህተቱ የሚፈነዳው ሌላ መስመር ላይ ስለሆነ ያናድዳል። ሊስት የሚቆጥረውም ከ0 ሳይሆን ከ1 ነው።

ከባዶ አትጀምር። የሚሠራ ትንሽ ሞድ ክፈትና አንድ ቁጥር ብቻ ቀይር፣ ለምሳሌ የመሣሪያ ጉዳት ከ10 ወደ 50። ሴቭህን ግን ቀድመህ ኮፒ አድርግ። ኦንላይን ሰርቨር ላይ ደግሞ ሕጉን ሳታይ አትሞክር፣ አካውንትህ ሊታገድ ይችላል።

የትኛውን ጌም ነው ያሰብከው?