«ከሰኞ ጀምሮ» የምትሉ ሁሉ፣ ዛሬ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። እሁድ ነው፣ ቡናዬ ቀርቧል፣ እስከ ምሳ ድረስ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፦ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የቢሮ ሠራተኞችንና ጡረተኞችን ስፖርት አሠራለሁ። ሯጭ አላወጣም። ሥራዬ ጀምሮ የሚያቆመው ሰው እንዳያቆም ማድረግ ነው። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ደረቱን የሚወጋው፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሂድ። ሁለተኛ፣ ቀስ በሉ።

የሳሪሱ፦ ኮች፣ አስር ጊዜ ጀምሬ አስር ጊዜ አቁሜያለሁ። ሁለት ሳምንት እሳት ነኝ፣ ከዛ ድርግም። ምን ነክቶኝ ነው?

ኮች፦ ምንም አልነካህም። የመጀመሪያ ቀንህን ልንገርህ? አዲስ ቱታ ገዛህ፣ ከንጋቱ 11፡30 ተነሳህ፣ እንደ ቀነኒሳ በረርክ፣ በማግስቱ ታክሲ ለመሳፈር እግርህን ማንሳት አቃተህ። ጭንቅላትህ ሞኝ አይደለም፣ ስፖርት ማለት ስቃይ ነው ብሎ ያዘው። በሁለተኛው ሳምንት ብርድ ልብስ ውስጥ ሲያስቀርህ ሊያድንህ ነው። ሰዉ ስፖርትን የሚያየው ለበላው ክትፎ እንደሚከፍለው ቅጣት ነው፣ ቅጣት ደግሞ ማን ወዶ ይነሳለታል? እኔ ጋ የመጀመሪያው ወር 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ስለ ቤት ኪራይ እያማረረ ዱብ ዱብ ማለት ያልቻለ ፈጥኗል፣ አስቆመዋለሁ። «ትንሽ ብጨምርስ» እያለ እያጉረመረመ ቢሄድልኝ ደስታዬ ነው፣ ያጉረመረመ ሰው ነገ ይመጣል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረጃውን በእርምጃ ብቻ ወጥታ ትወርድ ነበር። «ይሄም ስፖርት ተባለ?» እያለች ትስቅብኛለች። አሁን ዝናብ ሲጥል ደውላ «ቀረ እንዴ?» የምትለኝ እሷ ናት።

ሕይወት፦ 21 ቀን ከሠሩ ይለመዳል የሚባለው እውነት ነው?

ኮች፦ ይሄ 21 ቀን አንገሸገሸኝ። ወሬው የተነሳው በ1960 (በፈረንጆቹ) አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን እስኪላመዱ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅ ከጻፈው ነው። አፍንጫ ነው፣ ሩጫ አይደለም! የለንደን ተመራማሪዎች 96 ሰው ተከታትለው በአማካይ 66 ቀን ግድም አገኙ፣ ግን ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ይለያያል። ውሃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። አንድ ቀን መቅረት ደግሞ ያን ያህል አልጎዳም። ይሄን ያዙልኝ፣ ሰዎቻችንን የሚጥላቸው አንዷ ቀን ሳትሆን «በቃ ተበላሸ» ማለቱ ነው።

ቦርጫሙ፦ ቦርጭ በስንት ቀን ይጠፋል?

ኮች፦ አላውቅም። ቀጣይ።

ቦርጫሙ፦ ሆዴን በላስቲክ ጠቅልዬ ብሮጥስ?

ኮች፦ የሚወጣው ውሃ ነው፣ ጠጥተህ ትመልሰዋለህ። ሙቀቱም ይጥልሃል። ጣለው።

እሙ ከሪያድ፦ ወንድሜ፣ እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃና መጥረጊያ። ለስፖርት ጊዜም አቅምም የለኝም፣ ሰውነቴ ተበላሸ።

ኮች፦ እህቴ፣ ያንቺ ጥያቄ የዛሬው ምርጥ ነው። በፈረንጆቹ 2007 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፣ 84 የሆቴል ክፍል አጽጂዎች ላይ የተሠራ። ብዙዎቹ እንዳንቺ «ስፖርት አልሠራም» ባዮች ናቸው። ለግማሾቹ ሥራችሁ ራሱ በቂ እንቅስቃሴ ነው ተብሎ ተነገራቸው። ከአራት ሳምንት በኋላ ክብደታቸውም ግፊታቸውም ትንሽ ወረደ፣ ያልተነገራቸው እንደዛ አልሆኑም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ባለሙያ አልተቀበለውም፣ አንቺም በምኞት ትከሺያለሽ አላልኩም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፣ አንቺ እሱን በሁለት ቀን ትጨርሺዋለሽ። ስለዚህ ሰነፍ ነኝ ማለቱን ተዪ። ማታ አምስት ደቂቃ ወገብሽንና ትከሻሽን አፍታቺ፣ የምትወጂውን ዘፈን ከፍተሽ። ይበቃል።

እሙ ከሪያድ፦ አስለቀስከኝ።

ጂም ወዳጅ፦ ይሄ ሁሉ ፍልስፍና ነው። እኔን የሚያስነሳኝ የከፈልኩት ብር ነው።

የሳሪሱ፦ ስድስት ወር ከፍለህ ሁለቴ የሄድከው አንተ አይደለህ?

ጂም ወዳጅ፦ ሦስቴ!

ሕይወት፦ ወንዶች ስታወሩ «ንጋት ላይ ውጡ» ቀላል ነው። እኔ ሰፈር 11 ሰዓት ላይ ውሻና ጨለማ ነው፣ ሲነጋ ደግሞ ለካፊ።

ጂም ወዳጅ፦ ለዛ እኮ ነው ጂም የሚሻለው።

ሕይወት፦ ክፈልልኝ።

ኮች፦ ሕይወት ልክ ናት። ንጋት ግዴታ አይደለም። ሰዓት ከመያዝ ሌላ ነገር ላይ ማሰር ይሻላል። ልጅ ትምህርት ቤት ካደረስኩ በኋላ፣ ከሥራ ስወጣ ታክሲ ከመያዜ በፊት፣ ከጎረቤት ጋር ቢሆን ደግሞ የተሻለ።

ከቨርጂኒያ፦ ለእረፍት መጥቼ ነው። እዛ 5 ኪሎ ሜትር ሳልቆም እሮጣለሁ፣ እዚህ ግን በ10 ደቂቃ አለከለክኩ። አረጀሁ መሰለኝ፣ ሞራሌ ወደቀ።

ኮች፦ አዲስ አበባ እኮ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ሳስቶ ነው። ሰዓትህን ሆቴል ተወውና ቀስ በል።

አዲስ ገቢ፦ ኮች፣ ለመልመድ ስንት ቀን ይፈጃል?

ኮች፦ ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ሞራል ስጠኝ።

ኮች፦ ሞራል አልሸጥም። ጫማህን የት ነው የምታስቀምጠው?

አዲስ ገቢ፦ አልጋ ስር፣ በካርቶን።

ኮች፦ አውጣና በር ላይ አድርገው። ሌላ ጥያቄ?

የሳሪሱ፦ ገባኝ ኮች። በቃ ከነገ ሰኞ ጀምሮ።

ኮች፦ ዛሬስ ምን በድሎህ ነው? አሁን ተነስ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ሂድና ተመለስ።

የሳሪሱ፦ እሁድ ዝግ ነው።

ኮች፦ ዝግ መሆኑን አይተህ ተመለስ።