መልስ፦ የአን ማሪ ዋልተርስን የጦርነት ማስታወሻ እንደ ታሪክ ምንጭ ማመን ይቻላልን?

የተከበሩ ጠያቂ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ የምስጢር ወኪል የነበረችው አን ማሪ ዋልተርስ «ሙንድሮፕ ቱ ጋስኮኒ» በሚል ርእስ በ1946 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ማስታወሻ ለታሪክ ምንጭነት ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት የምስጢር ወኪሎችን የዕለት ተዕለት ኑሮ ለማወቅ ይበቃል፤ ስለ አለቃዋ ስለ ጆርጅ ስታር ለማወቅ ግን ብቻውን አይበቃም።

ደራሲዋ በጥር 1944 ገና በ20 ዓመቷ በፓራሹት ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ወርዳ፣ ጆርጅ ስታር ይመራው ለነበረው የብሪታንያ የምስጢር መረብ መልእክተኛ ሆና አገልግላለች። በጀርመኖች ፍተሻ መካከል መልእክት ይዛ ስታልፍና ገበሬዎች ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ሲያስጠጓት የነበረውን ሁኔታ የጻፈችው ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ በመሆኑ፣ ከአሠርት ዓመታት በኋላ በተጻፉ ማስታወሻዎች ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ዝርዝር ይዟል። በ1947 የጆን ለዌሊን ራይስን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ማግኘቱም አያስገርምም።

ሆኖም በነሐሴ 1944 የፒሬኔ ተራሮችን አቋርጣ ወደ ስፔን የወጣችው ከስታር ጋር ያላት ግንኙነት ከሻከረ በኋላ ነው። ስታር ሥርዓት የጎደላት ናት ብሎ ሲጽፍባት፣ እርሷ ደግሞ በእስረኞች አያያዝ ከስሳው ምርመራ ተካሂዷል፤ ስታርም ነፃ ተብሏል። ስለዚህ ጉዳይ ለማወቅ ማስታወሻውን ብቻ ሳይሆን፣ መግቢያና ማብራሪያ ታክሎበት በ2009 የወጣውን እትም ቢያነቡ ይሻላል።