አሉሚኒየም ቱርቦ ውስጥ አይቀልጥም እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሱማሌ ተራ ቱርቦ፣ ማለትም በጭስ ግፊት እየዞረ ወደ መኪና ሞተር አየር የሚያስገባውን ዕቃ፣ እጠግናለሁ። ሰሞኑን አንድ ሰውዬ ያገለገለ ቱርቦ ሊሸጥልኝ አመጣና «በጭስ በኩል ያለው ፋን ታይታኒየም አሉሚናይድ ነው» ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጥ የለ እንዴ? ደግሞ አንዱ ክንፍ ጫፉ ትንሽ ታጥፏል፤ ላቃናው?
አንባቢያችሁ

መልስ፦ ሰውዬው የጠራው ነገር በእርግጥ አለ። አንተ እጅ የገባው እሱ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

አሉሚኒየሙ እዚያ ውስጥ ለብቻው የለም። ከታይታኒየም ጋር በግምት እኩል በእኩል ገብቶ፣ አንድ ረድፍ ታይታኒየም አንድ ረድፍ አሉሚኒየም እየሆነ ተደርድሮ፣ ኢንተርሜታሊክ የሚባል ሌላ ውህድ ሆኗል። ሶዲየም ብቻውን 100 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ ጨው ውስጥ ሲገባ ግን እስከ 800 ይችላል፤ ይሄም እንደዚያው ነው። መቅለጫው 1,450 ዲግሪ አካባቢ ነው። እስከዚያ ያሠሩታል ማለት ግን አይደለም፤ 800 ገደማ ካለፈ ጉልበቱም ይወርዳል፣ አየሩም ይበላዋል።

የሚፈለገው ለቅለቱ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 4 ግራም ገደማ ሲመዝን የተለመደው የኒኬል ቅይጥ 8 ይመዝናል። ፋኑ ሲቀል ነዳጅ ስትረግጥ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል፤ ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን ላይ የሞከረውም ለዚህ ነው። ጂኢኤንኤክስ በሚባለው የቦይንግ 787 ሞተርም የኋለኞቹ የተርባይን ክንፎች ከዚሁ የተሠሩ ናቸው።

ክፋቱ ተሰባሪነቱ ነው። ሲቀዘቅዝ 2 በመቶ እንኳ ሳይለጠጥ ቷ ብሎ ይሰበራል፣ ብየዳም አይወድም፣ ሲበርድ ይሰነጠቃል። እንዲህ ዓይነቱ ክንፍ አንድ ነገር ሲመታው አብዛኛውን ጊዜ ይሸረፋል እንጂ አይታጠፍም፤ የአንተ መታጠፉ ነው ያጠራጠረኝ።

ማግኔት አይለይልህም፣ ታይታኒየም አሉሚናይዱንም የኒኬል ቅይጡንም አይስብም። ፋኑን ከነዘንጉ መዝነው፣ ከዚያ አፉ ድረስ ውኃ በሞላ ዕቃ ውስጥ አጥልቀህ የፈሰሰውን ውኃ በሚሊ ሊትር ለካና ግራሙን ለእሱ አካፍል። ዘንጉ ብረት ስለሆነ ልክ 4 አይመጣም፤ ወደ 8 ከተጠጋ ግን ኒኬል ነው፣ አለቀ።

ማቃናቱን ተወው። የምንም ይሁን፣ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ላይ ተጣሞ የተቃና ክንፍ አይታመንም፣ ቢበጠስ ቱርቦውን ይዞት ይሄዳል። ደግሞ ሰውዬው በአየር በኩል ያለውን ፋን አይቶም ይሆናል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ አሉሚኒየም ነው፣ ሙቀቱም እዚያ አይደርስበትም። ለማንኛውም ሳትመዝን የታይታኒየም ዋጋ እንዳትከፍል።