ሃዋይ ላይ ለመጋባት ላሰባችሁ፦ ስለ ወረቀቱ ጠይቁኝ

ኦዋሁ ደሴት ላይ የሰርግ ዝግጅት ሥራ እሠራለሁ። ከዲሲ፣ ከሲያትል፣ ከዳላስ የሚመጡ ልጆቻችን ስለ አበባውና ስለ ፎቶ አንሺው በደንብ ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ሕጉ የሚታወሳቸው ግን ቀኑ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ወረቀቱ ብቻ ጠይቁኝ። ድግሱ ቢጓደል ይረሳል፤ ጋብቻው በሕግ ሳይጸና ቢቀር ግን ግሪን ካርዱም፣ ኢንሹራንሱም፣ ውርሱም ላይ ይመጣባችኋል። የኢሚግሬሽን ነገር ያለባችሁ እኔን ከሰማችሁ በኋላ ጠበቃም አማክሩ።

ጥያቄ፦ ሁለታችንም የቨርጂኒያ ነዋሪዎች ነን። ሃዋይ ያጋቡናል? ስንት ቀን ቀድመን እንምጣ?

ያጋቧችኋል። ነዋሪነትም ዜግነትም አይጠየቅም። የደም ምርመራ የለም፣ ፈቃዱን ካወጣችሁ በኋላ የምትጠብቁት ቀንም የለም። ማመልከቻውን እቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ትሞላላችሁ። ክፍያው 65 ዶላር ነው፤ 60ው የፈቃዱ፣ 5ቱ የአገልግሎቱ። እዚህ ስትደርሱ ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ ፈቃድ ሰጪው ዘንድ በአካል ትቀርባላችሁ፤ አንዱ ሌላውን መወከል አይችልም። ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ያገለግላል፣ ከደሴቶቹ በየትኛውም ላይ። የቨርጂኒያ ፈቃድ ግን እዚህ አይሠራም።

ፈቃድ ሰጪዎቹ የሚሠሩት በቀጠሮ ነው። ለቅዳሜ ሰርግ ዓርብ ማታ የሚያርፍ ትኬት አትቁረጡ፤ ረቡዕ ግቡ።

ጥያቄ፦ ማመልከቻው ከጋብቻ በኋላ የምጠቀምበትን ስም ይጠይቃል። የባሌን ስም መጻፍ አለብኝ?

የለብሽም እህቴ። ሃዋይ ላይ ሁለቱም ተጋቢዎች ከዚያ በኋላ የሚጠሩበትን ስም ያሳውቃሉ፣ የነበረውን ይዞ መቀጠልም ይቻላል። በአባትሽ ስም መጠራት የምትፈልጊ ከሆነ ስምሽን እንዳለ መልሰሽ ጻፊው። ይህን ክፍል በጥድፊያ አትለፊው፤ የገባው ስም ምስክር ወረቀቱ ላይ ስለሚወጣ በኋላ ማስተካከሉ አድካሚ ነው።

የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በአያት ስም ነው። ፓስፖርትሽ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የገባው የአያትሽ ስም ከሆነ እዚህም እንደዚያው ይግባ፤ የአባትሽ ከሆነም የአባትሽ። የወላጆችሽን ስም ስትሞዪ ደግሞ ለኢሚግሬሽን ካስገባሽው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። የእናትሽ ስም በእንግሊዝኛ አንዱ ወረቀት ላይ በነጠላ ፊደል፣ ሌላው ላይ በድርብ ፊደል ተጽፎ ሲገኝ ማብራሪያ ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ አዲስ አበባ ናት፣ የእጮኛ ቪዛ (ኬ-1) ሂደት ላይ ነን። እስከዚያው ሲሼልስ ተገናኝተን ብንጋባስ?

ተው ወንድሜ፣ አታድርገው! ሲሼልስ በራሷ አታስቸግርም፤ ልዩ ፈቃድ ካወጣችሁ በአጭር ጊዜ ታጋባችኋለች። ችግሩ እዚያ ከፈረማችሁ በኋላ እጮኛሞች አለመሆናችሁ ነው። የእጮኛ ቪዛው መሠረቱ ይጠፋል፣ በአይ-130 የትዳር ጓደኛ ማመልከቻ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። የጠበቃችሁት ጊዜ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ሃዋይ ግን አሜሪካ ናት። ቪዛዋን አግኝታ አሜሪካ ከገባች በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ እዚህ መጥታችሁ ብትጋቡ የኬ-1ን ግዴታ አሟላችሁ ማለት ነው። ደሴት ላይ ማግባት ሕልማችሁ ከሆነ ያለችግር የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላም ልብ በሉ። ሽማግሌ መላክና ቀለበት ማሰር የእጮኝነት ወግ ነው፤ ቬሎ ተለብሶ፣ ሚዜ ተደርድሮ፣ ኬክ ተቆርጦ የሚደረገውን ድግስ ግን ለበኋላ አቆዩት። በተሻሻለው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በባህል ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻም ሙሉ ጋብቻ ነው። ቆንስላው ፎቶውን አይቶ «እነዚህማ ተጋብተዋል» ካለ ቪዛውን ሊከለክል ይችላል።

ጥያቄ፦ ጥገኝነት ጠይቄ ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው። ጃማይካ ርካሽ ነው ብለውኛል።

ጃማይካ ደሴቱ ላይ 24 ሰዓት ለቆየ ሰው ፈቃድ ትሰጣለች፤ የእሷ ሕግ ቀላል ነው። አንተ ግን ከአሜሪካ ለመውጣት አስቀድሞ የሚሰጠውን ፈቃድ፣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን፣ ሳትይዝ ከወጣህ ጥያቄህን እንደተውከው ይቆጠራል። ለርካሽ ሰርግ ብለህ ሕይወትህን አታናጋ። ወደ ሃዋይ የሚደረገው በረራ የአገር ውስጥ ነው። አውሮፕላን ለመሳፈር ሪል አይዲ (የፌዴራሉን መስፈርት የሚያሟላ የግዛት መታወቂያ) ወይም ጸንቶ ያለ ፓስፖርት፣ ካልሆነም የሥራ ፈቃድ ካርድህ ይበቃል። በሌላ አገር በኩል የሚያልፍ ትኬት ብቻ እንዳትገዛ።

ጥያቄ፦ የንስሐ አባታችን ከዳላስ አብረውን ይመጣሉ። እሳቸው ቢያጋቡን ይጸናል?

ጋብቻ የሚፈጽም ሰው ከሃዋይ የጤና መምሪያ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ክህነታቸው ብቻ አይበቃም፣ የቴክሳስ ልምዳቸውም አይቆጠርም። አስቀድመው አመልክተው ፈቃዱን ካገኙ ያጋቧችኋል። ካልሆነ እዚሁ ያለ ባለፈቃድ ሕጋዊውን ክፍል ይፈጽም፣ አባ ጸሎትና ቡራኬ ይስጧችሁ። ፈጻሚው ጋብቻውን በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመምሪያው ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ያለፈቃድ የሚያጋባ ወዳጅ አታስቁሙ፤ ማሳወቂያ መንገዱም የለው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የሙሽራዋ እናት ነኝ። ባሕር ዳርቻ ላይ ተጋብተው ተክሊሉ ሊቀር ነው ወይ?

አይቅር እናቴ። ተክሊል በቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዳሴውና ከቁርባኑ ጋር የሚፈጸም ምሥጢር ስለሆነ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚተካው ነገር የለም። እኔን ቢጠይቁኝ ልጆቹ በሚኖሩበት ግዛት የጋብቻ ፈቃድ አውጥተው በቤተ ክርስቲያናቸው ተክሊል ያድርጉ፣ ከዚያ ለደስታው እዚህ ይምጡ። ያኔ የሃዋይ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። በሁለት ግዛት ሁለት ፈቃድ ማውጣት ግን አይገባም፤ ሁለት የጋብቻ ቀን ያለበት ፋይል ጥያቄ ያስነሳል። ቅደም ተከተሉን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይወስኑ፤ እርስዎም ይኑሩበት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳርቻው የሕዝብ ነው አይደል? ዝም ብለን ብንቆምስ?

የሕዝብ ነው፤ ፎቶ አንሺ ወይም አዘጋጅ የቀጠራችሁበት ሰርግ ግን ከመሬትና የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይፈልጋል። ክፍያው ለአንድ ስኩዌር ፊት 10 ሳንቲም፣ ዝቅተኛው 20 ዶላር ነው። አሸዋው ላይ ቅስት፣ ድንኳን፣ ጠረጴዛ ማቆም አይፈቀድም፤ ወንበርም ለአረጋውያንና ለአቅመ ደካሞች ካልሆነ። አልኮል ክልክል ነው። ረከቦቱን፣ ከሰሉንና ቄጤማውን ለምትከራዩት ግቢ አቆዩት።

ጥያቄ፦ ስንት ምስክር?

የሃዋይ ሕግ ምስክር አይጠይቅም። በኢትዮጵያ ለየተጋቢው ሁለት ሁለት ምስክር መቆሙን የለመዱ ወላጆች ይገረማሉ፤ ጋብቻው ግን ያለ ምስክርም የጸና ነው።

ጥያቄ፦ ከቀድሞ ባለቤቴ በሽማግሌ ነው የተለያየነው። የፍቺ ወረቀት ይጠይቁኛል?

ፍቺው ከጸና 30 ቀን ያልሞላው ሰው ማስረጃውን ማሳየት አለበት፤ ከዚያ በላይ የሆነው የተፋታበትን ቀንና ቦታ ይሞላል። የአንተ ጉዳይ ግን ከዚህ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ሕግ ፍቺ የሚጸናው በፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ለያይቶህ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው በሕግ ገና ባለትዳር ነህ፣ አዲሱ ጋብቻም ይፈርሳል። መጀመሪያ ውሳኔውን በእጅህ አስገባ፣ በእንግሊዝኛ አስተርጉመው፣ ከዚያ ስለ ባሕሩ እናወራለን።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥስ ይታወቅልናል?

ይታወቃል። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 5 በውጭ አገር በዚያ አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻን፣ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ ይቀበላል። ከሰርጉ በኋላ በኢንተርኔት የምታገኙት ጊዜያዊ ወረቀት ለዚህ አይሆንም፤ ባለማህተሙን ቅጂ እዘዙ። አንደኛው 10 ዶላር፣ አብሮ የሚታዘዘው እያንዳንዱ ተጨማሪ 4 ዶላር ነው። ቅጂውን እዚህ የምክትል አገረ ገዢው ጽሕፈት ቤት ያረጋግጠዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ከሆነ ቀጣዩን ቅደም ተከተል ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ጠይቃችሁ ላኩት። አንዱ ለኢሚግሬሽን፣ አንዱ ለኤምባሲው፣ አንዱ ለቤታችሁ እንዲሆን ሦስት ቅጂ በአንድ ጊዜ እዘዙ።