ፈርሞልን ነበር፤ ካሸነፍን በኋላ ጥሎን ሄደ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ አነስተኛ የምህንድስና አማካሪ ድርጅት አለኝ። ከጣና ማዶ ባለ ወረዳ የመጠጥ ውኃ ፕሮጀክት የማማከር ጨረታ ተወዳድረን አሸነፍን። ሲቪውንና ኮሚትመንት ሌተር (ካሸነፋችሁ እሠራለሁ የሚል የቃል መግቢያ ደብዳቤ) ፈርሞ የሰጠን መሐንዲስ ግን ውል ልንፈርም ስንል «ሌላ ቦታ ሥራ ይዣለሁ» አለ። ልክሰሰው? ለሚቀጥለውስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ድካምዎ ይገባኛል። መክሰስ ይችላሉ፣ እኔ ግን አልመክርዎትም።

እስቲ ደብዳቤውን ደግመው ያንብቡት። አብዛኛው «ድርጅቱ ጨረታውን ካሸነፈ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ» ብሎ ያበቃል። ደሞዙ ስንት ነው? ስንት ወር ይሠራል? ቃሉ እስከ መቼ ይጸናል? የለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1690 መሠረት ጊዜ ቆርጦ «ውል እንግባ» የሚል ሐሳብ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ በቃሉ ይታሰራል። ጊዜ ካልተቆረጠ ግን «ተገቢው ጊዜ አልፏል፣ አላለፈም» የሚል ረጅም ክርክር ውስጥ ይገባሉ። ደሞዝ ሳይነሳበት የተፈረመ ወረቀት ደግሞ ዳኛ ፊት ውል ነው ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

ቢቀጠርልዎት እንኳ በግድ አያሠሩትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ሳያስጠነቅቅ ቢሄድም የሚከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደሞዙ አይበልጥም። ስለዚህ ትልቅ ቅጣት ጽፎ ማስፈረም ሰውየውን ያስፈራው ይሆናል እንጂ ብዙም አያዛልቅዎትም።

አሁን የሚያስቸኩለው ሌላ ነው። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ለአሠሪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ። እኩል ወይም የተሻለ ትምህርትና ልምድ ያለው ሰው ያቅርቡ። ከዚያ በፊት ግን የጨረታ ሰነዱ ባለሙያ ስለመቀየር የሚለውን ያንብቡ፤ ብዙ ሰነዶች የሚፈቅዱት እንደ ሞትና ሕመም ላለ ምክንያት ነው። አደራዎን፣ በመሐንዲሱ ስም ሌላ ሰው ወደ ሳይት እንዳይልኩ። የድሮ ፊርማውን ስካን አድርጎ መለጠፍማ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ ከመንግሥት ጨረታ ሊያሳግድዎት፣ በወንጀልም ሊያስጠይቅዎት ይችላል። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ ድርጅቶች ስላሉ ነው አጥብቄ የምነግርዎት።

ለሚቀጥለው፣ ስለ ደሞዝ የምታወሩት ካሸነፋችሁ በኋላ አይሁን። ፋይናንሻሉን (የዋጋ ማቅረቢያ ሰነዱን) ከመሙላትዎ በፊት ተቀምጣችሁ ተስማሙ፤ የተስማማችሁበትም ብር ዋጋዎ ውስጥ ይግባ። ባለሙያ በአብዛኛው የሚከዳው እዚህ ላይ ነው፤ ቃል ሲገባ የጠበቀውና በኋላ የሚቀርብለት ደሞዝ አይገናኝም። ደብዳቤው የጨረታውን ስምና ቁጥር፣ የሥራ መደቡን፣ ወሩን፣ ደሞዙን ይያዝ። ቃሉ ቢያንስ ጨረታው ጸንቶ እስከሚቆይበት ቀን ድረስ እንደሚጸና በቀን ይጻፍ። ለሌላ ተወዳዳሪ በዚሁ ጨረታ እንዳልፈረመም ያረጋግጥ።

ሌላ ቦታ ተቀጣሪ ከሆነ፣ ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ በደብዳቤ ያምጣ። ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። በሁለት ኮፒ አዘጋጁትና አንዱን ለራሱ ይስጡት። ሰነዱን ከማስገባትዎ በፊት ባለው ቀንም ደውለው «አሁንም አለህ?» ብለው ይጠይቁት።