ስለ ቁርጥራጭ ብረት ጠይቁኝ፦ ከመዳብ ሽቦ እስከ መኪና ባትሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሰራው አሜሪካ ውስጥ ስክራፕ (ቁርጥራጭ ብረት) የሚገዛ ግቢ ውስጥ ነው፣ ስራዬ የሚገባውን ብረት መለየትና ደረጃ ማውጣት። ስለ መዳብ ዋጋ ትንሽ ከጻፍኩ ወዲህ ከአዲስ አበባም ከውጭም ጥያቄ ስለበዛብኝ ባንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የብረት ስክራፕ ዋጋ ማነው የሚወስነው? ነጋዴዎቹ ዛሬ ወረደ ነገ ወጣ ይሉናል፣ ለምን ስንል መልስ የለም።

መልስ፦ ለተራ ብረት ቱርክን ተመልከት። በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ስክራፕ ከውጭ ታስገባለች፣ በዓለም አንደኛ ናት፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ብረቷን የምታመርተው ስክራፕ በኤሌክትሪክ ምድጃ አቅልጣ ነው። ስለዚህ እነ ኢስኬንደሩን አካባቢ ያሉት ፋብሪካዎች ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለሚመጣ መርከብ የሚከፍሉት ዋጋ የሌላው ሁሉ መነሻ ሆኗል። የሚጠቀሰው 80 በ20 የሚባለው ቅልቅል ነው፣ 80 እጁ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ያለው፣ 20 እጁ ሳሳ ያለ። መዳብ፣ አልሙኒየምና እርሳስ ደሞ ከለንደን የብረታ ብረት ገበያ ዋጋ ይነሱና እንደ ንጽህናቸው በመቶኛ ተቀንሶ ይገዛሉ። ለንደን ላይ ምንም ማድረግ አትችልም፣ ንጽህናው ላይ ግን ትችላለህ፣ ከታች የምመልሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እኛ ገመዱን አቃጥለን ነው መዳቡን የምንሸጠው፣ መላጡ ቀን ይፈጃል። የዋጋ ልዩነቱ ያን ያህል ነው?

መልስ፦ ነው፣ እባካችሁ አታቃጥሉ። ያልተቀባ፣ እሳት ያልነካው፣ የሚያብረቀርቅ ሽቦ እዚህ በነጋዴ ቋንቋ ባርሊ ይባላል፣ ከመዳብ ስክራፕ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ያው ሽቦ ሲቃጠል ይጠቁራል፣ ሲያጥፉት ቅንጥስ ይላል፣ አመድ ይይዛል፣ ወዲያው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይወርዳል። በገዛ እሳታችሁ ገንዘባችሁን እየቀነሳችሁ ነው ማለት ነው። ጭሱ ደሞ ሌላ ጉድ ነው፣ የገመዱ ልባስ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል፣ ጋና አክራ ከተማ አግቦግብሎሺ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ግቢ ላይ ልጆች ለዓመታት ገመድ ሲያቃጥሉ ምን ያህል መርዝ ሲተነፍሱ እንደኖሩ ዓለም ያየው ነው፣ ግቢው በ2021 እ.ኤ.አ. ፈረሰ እንጂ ስራው ወደ ሌላ ቦታ ነው የተበተነው። ወፍራሙን ገመድ በቢላ ወይ በእጅ መላጫ ማሽን ላጡት፣ ፀጉር የመሰለውን ቀጭኑን ግን አትልፉበት፣ ከነፕላስቲኩ ለብቻው ሽጡት። ማሽን ያለው ሰው ፈጭቶት በሚንቀጠቀጥ ወንፊት ላይ በአየር ይለየዋል፣ ቀላሉ ፕላስቲክ ወዲያ፣ ከባዱ መዳብ ወዲህ።

ጥያቄ፦ መንግስታት ስክራፕ ወደ ውጭ እንዳይወጣ መከልከላቸውን ትደግፋለህ?

መልስ፦ ባብዛኛው አልደግፍም፣ ምክንያቱን ልዘርዝር። ደቡብ አፍሪካ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስክራፕ ያለው ሁሉ መጀመሪያ ለአገር ውስጥ ፋብሪካ ከዓለም ዋጋ በቅናሽ እንዲያቀርብ አስገደደች፣ በኋላም የባቡርና የመብራት ገመድ ስርቆት ሲብስ በህዳር 2022 ጭራሽ ኤክስፖርቱን ከለከለች። ኬንያም በጥር 2022 የመብራት ምሰሶ ወድቆ አገሩ ሲጨልም ንግዱን በሙሉ አገደች፣ ግንቦት ላይ መልሳ ከፈተች። እገዳ ሲመጣ ፋብሪካው ርካሽ ጥሬ ዕቃ ያገኛል፣ ልዩነቱ ግን ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? ፀሐይ ላይ ጆንያ ተሸክሞ በየቤቱ "ቆራሌው" እያለ ከሚዞረው ልጅ ነው። ፋብሪካ ይደገፍ ካሉ ርካሽ መብራትና ብድር ይስጡት እንጂ ሸክሙን ልጁ ላይ መጫን ልክ አይደለም።

ለስርቆቱ የሰራው መንገድ ሌላ ነው። እንግሊዝ ስክራፕ በካሽ መግዛትን ከለከለች፣ የ2013ቱ ህግ ነጋዴው ፈቃድ እንዲያወጣና የሻጩን መታወቂያ እንዲመዘግብ ያስገድዳል። የኛም አገር የመብራት ምሰሶ ብረቱ እየተፈታ ሲሸጥ ገዢው ማን ነበር ተብሎ እስካልተጠየቀ ድረስ ድንበር መዝጋት ብቻውን ሌባውን አያቆመውም።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሞባይል ሰብስበን በአሲድ ወርቅ ማውጣት አዋጭ ነው ወይ? ዩቲዩብ ላይ ቀላል ይመስላል።

መልስ፦ ወርቁ አለ፣ ከአንድ ቶን ሞባይል 300 ግራም ገደማ ይገኛል፣ ይሄ ከማዕድን ድንጋይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች የተሰሩት ህዝብ ከሰጠው አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ስልክና ሌላ ብዙ ሺህ ቶን ዕቃ ተሰብስቦ የወጣው ወርቅ 32 ኪሎ ነው። ግን እቤት በአሲድ ስታወጡት የሚነሳው ቡናማ ጭስ ሳንባ ያቃጥላል፣ ከወርቁ ውጪ ያለው ፓላዲየም፣ ብርና መዳብ አብዛኛው ከአሲዱ ጋር ቦይ ውስጥ ይደፋል። ቤልጂየም ሆቦከን፣ ጀርመን ሃምቡርግ፣ ስዊድን ሮንሻር ያሉት ማቅለጫዎች ብዙ ብረቶችን ባንዴ ያወጣሉ፣ ዋጋ የሚሰጡትም ላልተነካ ቦርድ ነው። ቦርዱን ከስልኩ ፈታችሁ አውጡና ሳትነካኩት በአይነት ለይታችሁ ሽጡ። ወደ ውጭ ለመላክ ካሰባችሁ ደሞ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የአደገኛ ቆሻሻ ዝውውርን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የተቀባዩን አገር ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ዝም ብሎ ኮንቴነር መጫን የለም።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ውስጥ የመኪና ባትሪ ሰብረው እርሳስ የሚያቀልጡ ሰዎች አሉ። ትናንሽ ልጆች አሉኝ፣ ያሰጋል?

መልስ፦ እህቴ በጣም ያሰጋል፣ ለሚመለከተው የወረዳ ጤና ወይ አካባቢ ጥበቃ ዛሬውኑ አመልክቺ። ሴኔጋል ዳካር ዳርቻ ቲያሮዬ በምትባል ሰፈር በ2007 እና 2008 እ.ኤ.አ. 18 ልጆች በእርሳስ መርዝ ሞተዋል፣ ምክንያቱ ከባትሪ የተረፈ አፈር ነው፣ ሰዎች ውስጡ እርሳስ አለ ብለው እቤታቸው ወስደው ሲያነፍሱት ነበር። ኬንያ ሞምባሳ ውስጥ ኦዊኖ ኡሁሩ በምትባል መንደር አንድ የባትሪ ማቅለጫ መንደሩን በክሎ ፍርድ ቤት በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ ፈርዷል። እርሳስ ልጅ ሰውነት ውስጥ ሲገባ አእምሮን ይጎዳል፣ ይሄን ያህሉ ችግር የለውም የሚባል መጠን የለም። ልጆችሽን የደም ምርመራ አስደርጊ፣ እዛ አካባቢ መሬት ላይ አይጫወቱ፣ ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ አጽጂ እንጂ ደረቁን አትጥረጊ። ስራው ላይ ያላችሁ ወንድሞች ደሞ ባትሪውን ሳትሰብሩ ከነአሲዱ ለተፈቀደለት ፋብሪካ ሽጡ፣ የስራ ልብሳችሁን ይዛችሁ ቤት አትግቡ፣ ልጅ የምታቅፉበት ልብስ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፣ ባትሪው ሲሞት ምን ይሆናል?

መልስ፦ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2024 እ.ኤ.አ. ከቆመ ወዲህ ይሄን ጥያቄ ከአሁኑ ማንሳት ተገቢ ነው። አስቸጋሪው ነገር ከቻይና የሚገቡት ብዙዎቹ ባትሪዎች ኤልኤፍፒ (ሊቲየም ብረት ፎስፌት) የሚባለው አይነት መሆናቸው ነው፣ ኮባልትና ኒኬል የላቸውም፣ ሪሳይክል አድራጊውን የሚስበው ገንዘብ ደሞ እሱ ነው። ብረት፣ ፎስፌትና ትንሽ ሊቲየም ፈጭቶ ማውጣት ብዙ ጊዜ ወጪውን አይሸፍንም። አውሮፓ በህግ ነው የገባችበት፣ ከ2031 ጀምሮ አዲስ ባትሪ ውስጥ ካለው ኮባልት 16 በመቶው፣ ከሊቲየምና ከኒኬል 6፣ 6 በመቶው የተመለሰ እንዲሆን ታስገድዳለች። እኛም አስመጪው መልሶ እንዲወስድ የሚያስገድድ ህግ ባትሪው ሳይከመር ያስፈልገናል። እስከዛ ለመኪና የደከመ ባትሪ ለሶላር ማጠራቀሚያ ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ካልሰለጠናችሁ ግን አትክፈቱት፣ ከሌላ ስክራፕ ጋርም አትቀላቅሉት፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ የተደበቀ ሊቲየም ባትሪ ክምር ሲያነድ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው ያለሁት፣ ለአንድ ጣሳ 25 ሳንቲም ይመልሱልናል። ሁሉም አገር ለምን እንዲህ አያደርግም?

መልስ፦ ቢያደርግ ደስ ይለኛል፣ አልሙኒየም መልሶ ማቅለጥ ከማዕድን ለማውጣት ከሚፈልገው ጉልበት 5 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። አሜሪካ እንዲህ ያለ ዲፖዚት (ጣሳው ሲመለስ የሚመለስ መያዣ ገንዘብ) ያላቸው 10 ስቴቶች ብቻ ናቸው፣ ከአገሩ ጣሳ ከግማሽ በላዩ ይጣላል። ብራዚል ግን ያለ ዲፖዚት ከ95 በመቶ በላይ ትሰበስባለች፣ በማህበር የተደራጁትን ጨምሮ የሰብሳቢዎቹ ጉልበት ነው።

ጥያቄ፦ ማግኔት ብቻ ነው ያለኝ፣ አይዝጌ ብረት እንዴት ልለይ?

መልስ፦ እኛ ሽጉጥ የመሰለ የኤክስሬይ መሳሪያ አለን፣ ብረቱ ላይ ደግነን ስንጫነው በሰከንዶች ውስጥ ምን በመቶኛ እንዳለው ያሳየናል፣ ክሮሚየም 18፣ ኒኬል 8 ካለ 304 የሚባለው ደረጃ ነው፣ ሞሊብዲነም 2 ከጨመረ 316 ነው፣ የሱ ዋጋ ከፍ ይላል። አንተ በማግኔት ጀምር። አጥብቆ ከያዘው አብዛኛውን ጊዜ ኒኬል የለውም፣ ርካሹ ጋ አድርገው። ካልያዘው ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ኒኬሉን በማንጋኒዝ የተካ ርካሽ አይነትም ማግኔት አይስበውም። የእቃ ማጠቢያ ሲንክ ጥጉ ላይ ትንሽ ቢስብ አትጣለው፣ ሲታጠፍ ነው እንደዛ የሚሆነው፣ ጠፍጣፋው መሀል ላይ ሞክረው። ከወተትና ከመድኃኒት ፋብሪካ የወጣ ቱቦ ካገኘህ ከቤት ዕቃ ጋር ሳትቀላቅል ለብቻ አስቀምጠው፣ 316 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ መሳሪያ ያለው ገዢ ፊትህ እንዲለካው ጠይቅ።